እድራችን ያጸደቀው መድኃኒት

በሕይወቴ ብዙ ቃለ ጉባኤ ጽፌአለሁ። የዕድገት ኮሚቴ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ የግዢ ኮሚቴ፣ ሌላው ቀርቶ ኮሚቴ የሚያቋቁም ኮሚቴ በእጄ አልፏል። የካንሰር መድኃኒት በእጅ ማውጣት ድምፅ ተሰጥቶበት የጸደቀበትን ቃለ ጉባኤ የጻፈ ሰው ግን በአገሪቱ ከእኔ በቀር ይኖራል ብዬ አልገምትም። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለእናንተ ለአንባቢዎች በቅደም ተከተል አስረዳለሁ። በቅደም ተከተል ማስረዳት የሙያዬ ልማድ ነው፤ ነገሩ ራሱ ቅደም ተከተል የሚባል ነገር ባያውቅም።

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ አገልግዬ በክብር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቤታችን ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ላፍቶ ሲሄዱ ገባ ብሎ ነው። መንግሥት ካሰናበተኝ በኋላ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ አድርጎ መረጠኝ። መተዳደሪያ ደንቡን እንደ አዲስ ያረቀቅኩትም እኔ ነኝ፤ አንድም አንቀጽ ከሌላው አንቀጽ ጋር አይጣላም። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም። ትንሽ ግን ለመመጻደቅም ነው።

ልጄ መስከረም ፋርማሲ ተምራ አሁን ሁለተኛ ዲግሪዋን በመሥራት ላይ ናት። ጥናቷ የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ካንሰርን በምን መንገድ ሊያክም እንደሚችል በኮምፒውተር መመርመር ነው። ለዚሁ ዓላማ የሳሎናችንን የምግብ ጠረጴዛ ስለወረሰችው እኔና ባለቤቴ ምሳችንን ትሪ ጭናችን ላይ አስቀምጠን መብላት ከጀመርን ሰንብተናል። አንድ ቀን ሽሮዬን እንደያዝኩ ከኋላዋ ቆሜ ወደ ላፕቶፑ ተመለከትኩ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦች ስፍር ቁጥር በሌላቸው መስመሮች ተሳስረው እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተዋል።

«ይኼ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ኔትወርክ ነው፣ አባዬ።»

እኔ ኔትወርክን የማውቀው በመጥፋቱ ስለሆነ ተሰብስቦ ሳየው ተገረምኩ። መስከረምም ወንበሯን ወደ እኔ አዞረችና አስረዳችኝ። «ቻይናዎቹ ብዙ ዕፅ አንድ ላይ ቀቅለው ነው የሚሰጡት። እያንዳንዱ ዕፅ ውስጥ ደግሞ ብዙ ንጥረ ነገር አለ። ካንሰሩም በአንድ ፕሮቲን ብቻ አይደለም የሚንቀሳቀሰው። እና የትኛው ንጥረ ነገር የትኛውን ፕሮቲን ሊነካ እንደሚችል ኮምፒውተሩ አገናኝቶ ያሳየኛል።»

«መዋቅር ነዋ!» አልኩ፤ ደስታዬን መቆጣጠር አልቻልኩም። «ማን ለማን ተጠሪ እንደሆነ የሚያሳይ!»

«ተጠሪነት የለም፣ አባዬ። ሁሉም ሁሉንም ይነካል።»

«የእኛም መሥሪያ ቤት እንደዚያው ነበር።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሥራ አገኘሁ። ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ከረባቴን አስሬ፣ ከመስከረም አጠገብ እቀመጣለሁ። ኮምፒውተሩ አንዱን ንጥረ ነገር ከአንዱ ፕሮቲን ጋር ሲያገጣጥም ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩም ከዜሮ በታች ነው። መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ ልጄን ከሐዘን ላድናት ብዬ ትከሻዋን መታ መታ አደረግሁና «አይዞሽ፣ ሁሉም ሰው ይወድቃል» አልኳት። እሷ ግን ቁጥሩ ወደ ታች በወረደ መጠን መያያዙ የጠበቀ መሆኑን ነገረችኝ። ከዜሮ በታች እየወረደ የሚመሰገን ነገር በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም ለማለት አልደፍርም፤ ስም መጥራት ግን አልፈልግም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መስከረም ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሣች። እኔም ተነሣሁ። ባለቤቴም ምን እንደሆነ ሳታውቅ ከወጥ ቤት ማማሰያዋን እንደያዘች እየሮጠች መጣች።

«ገባ! እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ልክክ ብሎ ገባ!» አለች መስከረም፤ የአንጀት ካንሰር ላይ የሚሠራውን ፕሮቲን በጣቷ እያሳየችኝ።

«የየትኛው ዕፅ ነው?»

«አንተ አታውቀውም፤ የእርድ ዘመድ የሆነ ሥር ነው።»

እርድ! ያ አልጫ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው፣ ሱቅ ሁሉ የሚሸጠው እርድ! ልጄ በእርግጥ «ዘመድ» ብላለች። ነገር ግን በአገራችን ዘመድ መሆን ለሥራ በቂ ማስረጃ ተደርጎ ሲቆጠር በዓይኔ እያየሁ ስለኖርኩ ልዩነቱ አልከበደኝም። ቀጥላም «ገና ግምት ነው አባዬ፣ ላቦራቶሪ አለ፣ እንስሳ ላይ መሞከር አለ፣ ከዚያ ደግሞ ሰው ላይ…» ስትል ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን ከደጅ ሆኜ ነው፤ ኮቴን ለብሼ ወጥቼ ነበርና።

በማግስቱ እሑድ የእድራችን ወርሃዊ ጉባኤ ነበር። በድንኳኑ መቀደድና በሁለት ሰታቴዎች መጥፋት ላይ ከተነጋገርን በኋላ ሊቀመንበራችን ሻምበል «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» አሉ። ተነሣሁ። እንደዚያን ቀን ተናግሬ አላውቅም። ስለ ነጥቦቹ፣ ስለ መስመሮቹ፣ ከዜሮ በታች ስለሚሮጠው ቁጥር፣ ስለ ቻይናዎች ጥበብ፣ በመጨረሻም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለ እርድ ተናገርኩ። ጉባኤተኛው ትንፋሹን ዋጠ። ሻምበል ለረጅም ዘመን በሰልፍና በስብሰባ የኖሩ ሰው ናቸውና ዝምታ ሲረዝም የሚያውቁት መፍትሔ አንድ ነው።

«የሚደግፍ?»

ከአንድ በስተቀር እጅ በሙሉ ወጣ።

«የሚቃወም?»

የለም።

«ድምፀ ተአቅቦ?»

እትዬ አስካለች ብቻ እጃቸውን አወጡ። ከደቡብ መጥተው እዚህ ልጆች ወልደው ያሳደጉ፣ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ቡድን መሪ ናቸው። «እኔ አስቀድሜ ልጸልይበት» አሉ። እኔም በቃለ ጉባኤው ላይ «በእርድ ላይ የተመሠረተው የካንሰር መድኃኒት በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸድቋል» ብዬ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት አሰፈርኩ። ጉባኤተኛው አጨበጨበ። እያጨበጨቡ ከነበሩት መካከል ከሁሉም ጠንክሮ ያጨበጨበው ወዳጄ ቱፋ መሆኑን አስተውያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላስተዋልኩም።

ሰፈራችን በዚያው ሳምንት ቢጫ ሆነ። ሽሮው ቢጫ፣ ፍርፍሩ ቢጫ፣ ሻዩ ቢጫ። ከሰው ጋር ስትጨባበጡ መዳፋችሁ ቢጫ ሆኖ ይመለሳል። ባለሱቁ «ጋሼ፣ እርድ ከየት ላምጣ? ተው በላቸው እንጂ!» እያለ ይለምነኝ ጀመር። እትዬ አስካለችም ቃላቸውን ጠብቀው መጡና እጃቸውን ላፕቶፑ ላይ ጭነው ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። ጸሎታቸው ብርቱ ስለነበር መስከረም ትጽፈው በነበረው ምዕራፍ መካከል ሁለት ገጽ ሙሉ «ጀ» የሚል ፊደል ገባ።

«እማማ፣ ኪቦርዱን ተጭነውት ነው» አለች መስከረም፣ በትሕትና።

«ተይው ልጄ፣ ይጻፍ። መንፈስ ሲመራ አይከለከልም።»

ልጄ የቤታችን ሽሮ ለምን እንደዚያ ቢጫ እንደሆነ እናቷን ስትጠይቅ እናቷ ወደ እኔ በማማሰያ ጠቆመች። እኔም ወደ መስኮቱ ተመለከትኩ።

ይህ ሁሉ እስከዚህ ድረስ የሚያስቅ ነው። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን የቱፋ ባለቤት ጫልቱ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ሳሎናችን ገባች። ቱፋን ላስተዋውቃችሁ። ላፍቶ የስንዴ ማሳ በነበረች ጊዜ አባቱ እዚሁ አርሰዋል። ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ ዙሪያውን ቢከበውም እሱ ከኋላ በቀረችው ቦታ የወተት ላሞች ያረባል፤ የእኛም ወተት ከእሱ ነው። የአንጀት ካንሰር እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ ሆስፒታል እየሄደ በደም ሥሩ መድኃኒት ይወስዳል። መድኃኒቱ ደግሞ ያደክመዋል፤ ከወሰደ በኋላ ለቀናት ላሞቹን ማለብ ያቅተዋል።

«አቶ ጸሐፊ፣ ሰውዬው ቀጠሮውን ቀረ» አለች ጫልቱ። «ሰኞ ሳይሄድ ቀረ። ደውለው ለነገ አደረጉለት፤ ነገም ከቀረ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ መቼ እንደሚደርሰውም አናውቅም አሉ። ጠዋትና ማታ እርድ በወተት ይጠጣል። ለምን ስለው ‹እድሩ አጽድቋል› ይለኛል።»

ጭኔ ላይ የነበረው ትሪ ተንሸራቶ ወደቀ። መስከረም ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ ተመለከተችኝ። «አባዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «እድሩ ምን አጸደቀ?»

ነገርኳት። ልጄ ቁጡ አይደለችም፤ ያን ቀን ግን የተናገረችኝን እዚህ አላሰፍርም። ፍሬ ነገሩ፣ ከሆስፒታሉ መድኃኒት የቀረ እያንዳንዱ ቀን ለበሽታው እንደሚመች፣ በዚያ ላይ ሐኪሙ ሳያውቅ በገፍ የሚጠጣው እርድ ሕክምናውን ሊያውክ እንደሚችል ነው። ሁለታችንም ጫልቱን ተከትለን ሮጥን። ጡረተኛ ሲሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኮት ለብሶ፣ ከረባት አስሮ? ባለሱቁ እርድ የተገኘ መስሎት አብሮን ትንሽ ሮጠ።

ቱፋን በረት ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ከንፈሩ ዙሪያ ቢጫ ነው።

«ቱፋ፣ ነገ ሆስፒታል ትሄዳለህ» አልኩት።

«አልሄድም። መድኃኒት ተገኝቶ የለም እንዴ? ራስህ ነህ የተናገርከው።»

«ተሳስቼ ነው።»

«አንተ ብትሳሳት ጉባኤው ተሳሳተ? ያ ሁሉ ሰው እጁን አውጥቶ?»

«ጉባኤውም ተሳስቷል!»

ቱፋ ሳቀ። ከዚያም በጣቱ አየሩን እየመታ፣ እኔ ራሴ ያረቀቅኩትን አንቀጽ ቃል በቃል አነበነበልኝ። «ጉባኤ ያጸደቀውን ሊሽር የሚችለው ጉባኤ ብቻ ነው። ያንተ ደንብ አይደለም? ባለፈው ዓመት የድንኳኑን ኪራይ ልከራከር ብነሣ በዚህችው አንቀጽ አይደለም እንዴ ያስቀመጥከኝ? ጉባኤው ይሻረው፤ እሄዳለሁ። እስከዚያ ወተቴን ልጠጣበት።»

የሚቀጥለው መደበኛ ጉባኤ ገና ሳምንታት ይቀሩታል፤ ቀጠሮው ነገ ረፋድ ነው። አንባቢዎቼ፣ ጥሩ ደንብ አርቃቂ መሆን የሚያኮራ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ይሁን እንጂ በደንቤ ላይ አስቸኳይ ጉባኤ የሚባልም አለ! የሚጠራውም በእድሩ ጥሩምባ ነው። ሌሎች እድሮች ጥሩምባቸውን ጥለው በስልክ መልእክት መላክ ጀምረዋል። እኛ ግን አልጣልንም፤ ጥሩምባ ነፊያችን አቶ ሽብሩም አሉ። ቱፋ በጠዋት ድካም ስለሚሰማው ጉባኤው በራሱ ግቢ እንዲሆን ወስኜ ለሽብሩ አስታወቅኩ። ሻምበልም ፈቀዱ። በዕቅዴ ረካሁ፤ ረክቼም ተኛሁ።

ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ሽብሩ ጥሩምባ መንፋት ከጀመሩ ወዲህ ከለቅሶ በቀር ለሌላ ጉዳይ ሰው ጠርተው የማያውቁ መሆናቸው ነው። ጎህ ሲቀድ ጥሩምባው ተነፋ፤ ተከትሎም የሽብሩ ድምፅ በየመንደሩ አስተጋባ። «እድርተኛ ሁሉ! አቶ ቱፋ ቤት ውጡ! አቶ ቱፋ ቤት!»

በሰፈራችን ቱፋ መታመሙን የማያውቅ የለም። ከዚህ በኋላ የሆነውን እናንተም ትገምቱታላችሁ።

እኔና መስከረም ስንደርስ ድንኳኑ ግማሽ ድረስ ቆሟል። ወጣቶቹ አግዳሚ ወንበር ያወርዳሉ። ሴቶች ነጠላቸውን መቀነት አድርገው በቡድን በቡድን እያለቀሱ ወደ በሩ ይገባሉ። ዕቃ ግምጃ ቤታችን እንደዚያ ፈጥኖ ተከፍቶ አያውቅም፤ የጠፉት ሰታቴዎች ሳይቀሩ ከየት እንደሆነ እንጃ መጥተዋል። መሐል ላይ እትዬ አስካለች ደረታቸውን እየመቱ «ወይኔ ቱፋ! ወይኔ ወተታችን! ወይኔ ደጉ ጎረቤቴ!» ይላሉ።

በዚህ መካከል ቱፋ በጓሮ በኩል ጋቢውን እያጣፋ ብቅ አለ። ላሞቹን ሲያይ ቆይቶ ጥሩምባውን ብቻ ነው የሰማው። ፊቱን በሐዘን አጨፍግጎ ከለቅሶኞቹ አጠገብ ቆመና እትዬ አስካለችን ጠጋ ብሎ ጠየቃቸው።

«ማን ነው የሞተው?»

«ቱፋ! ቱፋ ነዋ!» አሉ እሳቸው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

«እኔ? መቼ?»

እትዬ አስካለች ዓይናቸውን ገለጡ። ያን ጊዜ የጮኹትን ጩኸት ብስራተ ገብርኤል ሆነው የሰሙ ሰዎች አሉ። «ተነሣ! ኢየሱስ ጌታ ነው! ተነሣ!» ብለው ተንበረከኩ። ሁለት ሽማግሌዎች ድንኳኑን ጥለው አፈገፈጉ፤ ድንኳኑም በወጣቶቹ ላይ ወደቀ። ቱፋ ዙሪያውን ተመለከተ፤ በመጨረሻም ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«አቶ ጸሐፊ፣» አለ፣ «ይኼም በጉባኤ ጸድቋል?»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። እንባቸው ያልደረቀ ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ አየሁ፤ ጫልቱ በርጩማ ላይ ወድቃ ትስቅ ነበር። ሻምበል አጋጣሚውን አላባከኑትም። «ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል!» ብለው በወታደር ድምፅ አወጁ። በእርግጥም እንደዚያን ቀን ተሟልቶ አያውቅም፤ ለወርሃዊው ስብሰባ የማይመጡት ሁሉ ለቀብሩ መጥተዋል።

ተነሥቼ መሳሳቴን ተናገርኩ። ላብራራ ብዬም ከሙያዬ ምሳሌ ወሰድኩ፤ ኮምፒውተሩ የመረጠው ዕፅ ለሥራ ፈተና የተመዘገበ አመልካች እንደሆነ፣ ፈተናው እንዳልተሰጠ፣ የሙከራ ቅጥር እንዳልተፈጸመ… ሰዉ ማዛጋት ጀመረ። መስከረም እጅጌዬን ሳብ አድርጋ አስቀመጠችኝና ወደ ቱፋ ዞረች።

«አባባ ቱፋ፣ ደላሎች በቴሌግራም የላም ፎቶ ይልኩልዎታል አይደል?»

«ይልካሉ። ቀጣፊ ሁላ።»

«በፎቶው ይገዛሉ?»

«ምን ነክቶኝ! ጡቷን ሳልዳስስ? ሳላልባት?»

«የእኔም ኮምፒውተር ያሳየኝ ፎቶ ነው። ጥሩ ፎቶ ነው፤ ደስ ብሎኛል፤ ዓመታት ሊያስለፋኝ የሚችል ፎቶ ነው። ወተት ግን የለውም።»

ሻምበል ድምፅ ጠየቁ፤ ውሳኔው ተሻረ። አንድ ድምፀ ተአቅቦ ተመዘገበ፤ የቱፋ ነው። «ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው» ብሎ ጫማውን ሊቀይር ገባ።

ለቀብር የተጠራው አውቶቡስ በር ላይ ቆሞ ስለነበር በእሱው ተጓዝን። ቱፋ ከሾፌሩ ጎን፣ እኛ ከኋላ። በላፍቶ መንገድ የቆሙ ሰዎች ባርኔጣቸውን እያነሡ ይሰናበቱናል፤ ቱፋ ደግሞ በመስኮት እጁን እያወዛወዘ ሰላምታቸውን ይመልሳል። የአንዱን ሰውዬ ፊት እስክሞት አልረሳውም።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ የጠጣውን ሁሉ ጠየቀችው፤ እርዱን ሕክምናው እስኪያልቅ እንዲያቆም አዘዘችው፤ ደሙ ተመረመረ፤ ደግነቱ ውጤቱ መድኃኒቱን መውሰድ እንደሚችል አሳየ። አረፈች ነፍሴ፣ አልኩ። ሲስተሯ መድኃኒቱን ሰቅላ «ጋሼ፣ እጅዎትን» ስትለው ግን ቱፋ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

«ልቤ እሺ አይለኝም፣ ልጄ» አላት። እኔን ሳያየኝ፣ ለእሷ ብቻ ነበር የሚናገረው። «ሕግ ነው ብዬ መጣሁ። ግን ይኼ ነገር ሲገባብኝ የራሴ ላም ታሳዝነኛለች፤ ቆሜ አያታለሁ፣ ማለብ አልችልም። የእርዱ ተስፋ ይሻለኝ ነበር።»

ሳቁ፣ ድንኳኑ፣ አውቶቡሱ ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። አንድ እሑድ ቆሜ በሰጠሁት ተስፋ ወዳጄ እዚያ ወንበር ላይ እጁን ደብቆ ተቀምጧል።

መስከረም ወደ ተሰቀለው መድኃኒት ተጠግታ የተጻፈበትን ስም አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያም የበሽተኞቹን ክፍል ጸጥታ ረስታ ጮኸች።

«አባባ ቱፋ! ይኼ መድኃኒት መነሻው ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ዛፍ ነው! ቻይና የሚበቅል ዛፍ! ንጥረ ነገሩን ከዛፉ አወጡት፣ አሻሻሉት፣ ላቦራቶሪ ፈተኑት፣ ሰው ላይ ፈተኑት፤ ስንት ዓመት ለፍተውበት ነው እዚህ የደረሰው! እኔ የምመኘውን መንገድ ሁሉ ጨርሶ የመጣ እሱ ነው!»

ሲስተሯ በመገረም ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሟም ከበሩ ላይ «እውነቷን ነው» አለች። ቱፋ አንገቱን አቅንቶ ወደ ላይ፣ ወደ ተሰቀለው መድኃኒት ተመለከተ።

«ያ ዋቅ!» አለ ፈጣሪውን በኦሮምኛ ጠርቶ። «እና እኔ የቻይና መድኃኒት ፍለጋ ከቻይና መድኃኒት ሸሽቼ ነው የሰነበትኩት?»

«እኔ ነኝ ያሸሸሁህ» አልኩት።

«አንተ ዝም በል፤ ገድለኸኝ ነበር ዛሬ ጠዋት።»

ፈገግ ብሎ ጋቢውን ገለጥ አደረገና እጁን በወንበሩ ክንድ ላይ ዘረጋ። ሲስተሯ የደም ሥሩን ፈልጋ አገኘችው፤ ጠብታውም መውረድ ጀመረ። ልታፈጥነው መቆጣጠሪያውን ስትነካ ቱፋ በሌላው እጁ አገዳት።

«ቀስ በይ፣ ልጄ» አላት። «ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነው፤ አይጣደፍ።»